አማርኛችሁን ይዛችሁ ግቡ፦ ጃፓንኛን ለብቻ ስለማጥናት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጃፓንኛን ያለ አስተማሪ የሚያጠና ሰው ከጀማሪነት ወደ መካከለኛ ደረጃ እንዴት እንደሚሻገር ይመክራል። እኔ ጋ ከሦስት ሰዎች ደርሷል። አንዷ ስትልክልኝ "ይኼን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬን ዘጋሁት" ብላ ነው። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ የእሷ መልእክት ነው።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ጸሐፊው ቋንቋውን እንደሚወዱት ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ያነሱት ችግርም እውነተኛ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ሰላምታ ያውቃል፣ ስለ ራሱ ይናገራል፣ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን የድምፅ ፊደላት ያነባል። ከዚያ አንድ ተራ የጃፓንኛ ገጽ ሲከፍት ጨለማ ይሆንበታል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው።

የጽሑፉን ሐሳብ በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ጃፓንኛ 2,200 ሰዓት ስለሚፈልግ መካከለኛ ደረጃ ማለት የዚያ ግማሽ፣ 1,100 ሰዓት ነው ይላል። ሁለተኛ፣ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር የተገላቢጦሽ ስለሆነ አማርኛን ከጭንቅላት ማውጣት ግድ ነው። ሦስተኛ፣ 2,136ቱን ካንጂ (ከቻይንኛ የመጡትን የጽሕፈት ምልክቶች) ሳይጨርሱ ማንበብ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። አራተኛ፣ ከጀማሪ መጽሐፍ በኋላ ሰዋስው ማጥናት ይቁም፤ ፊልምና ድራማ ማየት ብቻውን ይበቃል። አምስተኛ፣ መካከለኛ ደረጃ እስኪደረስ መናገርም መጻፍም አያስፈልግም፤ ስህተት አንዴ ከደረቀ አይለቅም። ስድስተኛ፣ በጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ኤን 3 የሚባለውን ደረጃ ያለፈ መካከለኛ ደረጃ ደርሷል፤ በስድስት ወር ውስጥ ወደዚያ መጠጋቱ የማይታይ ሰው ግን ሌላ ነገር ቢሞክር ይሻለዋል።

አዛብቼ እንዳላቀረብኩት ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን ተራ በተራ ልመልስ።

ስለ 2,200 ሰዓቱ

ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። ይህ ተቋም ጃፓንኛን ከአረብኛ፣ ከቻይንኛና ከኮሪያኛ ጋር በጣም ከባድ በሚለው ምድብ አስገብቶታል። 88 ሳምንት፣ 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድብለታል። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ቁጥሩ የተሰላው ለማን ነው? አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው ነው። ግቡም በቋንቋው የመሥሪያ ቤት ሥራ መሥራት ነው፤ ከመካከለኛ ደረጃ በጣም ይርቃል። ግማሹ መንገድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል የሚል ነገርም የለም። በነገራችን ላይ ይኸው ተቋም አማርኛንም ከከባድ ቋንቋዎች መድቦ 1,100 ሰዓት ሰጥቶታል። ለእኛ አማርኛ ከባድ ነው? አይደለም። ሰንጠረዡ የሚለካው ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ከአማርኛ ምን ያህል እንደሚርቅ የለካ የለም። ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል።

አማርኛን ከጭንቅላት ስለማውጣት

ከሁሉም የከነከነኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ጃፓንኛን የተገላቢጦሽ የሚሉት ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ገላጩም ከሚገለጸው ነገር ስለሚቀድም ነው።

እስቲ የራሳችንን ቋንቋ እንየው። የእኛ ግስ የት ነው የሚመጣው? መጨረሻ ላይ። ገላጩስ? ከፊት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፦ ኪኖ ካታ ሆን ጋ ናኩናታ። ኪኖ ትናንት ነው። ካታ የገዛሁት። ሆን መጽሐፍ። ጋ ባለቤቱን የምታመለክት ትንሽ ቃል ናት። ናኩናታ ጠፋ። ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ ጠፋ። ምኑ ነው የተገላቢጦሹ? በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው "መጽሐፉ" ብሎ ይጀምርና "ትናንት የገዛሁት" የሚለውን ከኋላ ያስከትላል። ለእሱ በእርግጥ ሁሉም ነገር ይገለበጥበታል። እኛ ግን ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተል አንብበን እንረዳዋለን።

ትንሽ ረዘም እናድርገው። ሃሃ ጋ ኩሬታ ሆን ኦ ዮንዴ ኔታ። እናቴ የሰጠችኝን መጽሐፍ አንብቤ ተኛሁ። ኦ የምትለዋ ቃል ተሳቢን የምታሳየው የእኛ "ን" ናት። ዮንዴ ደግሞ "አንብቤ" ነው። በትምህርት ቤት ቦዝ አንቀጽ የተባልነው፣ በልቼ፣ ሄጄ፣ አንብቤ የሚለው ማለት ነው። ጃፓንኛ በዚህ ዓይነት ግስ የተሞላ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ። ለእኛ "በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ሄድኩ" ብሎ መደርደር የዕለት ንግግራችን ነው።

ከዚህም ይጠልቃል። "እስቲ ቀምሼ ልየው" ስንል በዓይናችን እናያለን ማለታችን አይደለም። እንሞክረው ማለታችን ነው። ጃፓኖችም ታቤቴ ሚሩ ይላሉ። ታቤቴ "በልቼ" ነው፤ ሚሩ ማየት ነው። "ለነገ ገዝቼ አስቀመጥኩ" የሚለውም ካቴ ኦይታ ነው፤ ኦኩ ማስቀመጥ ማለት ነው። አንድ ሰው ሊደበቅ የሚገባውን ነገር ሲናገር "ነግሮት አረፈው!" እንላለን። ቁጭቱ "አረፈው" የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው ያለው። እነሱ ኢቴ ሺማታ ይላሉ። ሺማው መጨረስ፣ መዝጋት ማለት ነው፤ ቁጭቱን የተሸከመው እሱ ነው። ይህን የመካከለኛ ደረጃ ሰዋስው ለአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አማርኛን ከጭንቅላታችሁ አውጡ ስትባሉ ይህን ቁልፍ ጣሉ ተብላችኋል።

በጣም የምወደውን ልጨምር። በአማርኛ "ገዛልኝ" እና "ጠፋብኝ" አለን። "ልኝ" ለእኔ ጥቅም፣ "ብኝ" በእኔ ጉዳት። ጃፓንኛ የመጀመሪያውን ኩሬታ በሚለው ግስ ይገልጸዋል። ካቴ ኩሬታ ማለት ገዛልኝ ነው። ሁለተኛውን በተደራጊ ግስ ይገልጸዋል። አሜ ኒ ፉራሬታ ይላሉ። ቃል በቃል ሲፈታ "በዝናብ ተዘነብኩ" ዓይነት ነገር ይሆናል፤ በእንግሊዝኛም አይጥምም። በአማርኛ ግን ምንም ችግር የለውም፦ ዝናብ ዘነበብኝ። ውሻው የሞተበት ሰው ኢኑ ኒ ሺናሬታ ይላል። ውሻዬ ሞተብኝ። እኔ ይህን ትምህርት ለሳምንታት ስታገለው ከቆየሁ በኋላ "ብኝ" ትዝ ያለችኝ ቀን በአንድ ምሽት ገባኝ። ያን ቀን ነው አማርኛዬን መደበቅ ያቆምኩት።

ጆሯችንም ቢሆን ባዶውን አይሄድም። "ገና" ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት ቃል እንደሆነ እናውቃለን። ጃፓንኛም ኪቴ ላልቶ "መጥቶ" ነው፣ ጠብቆ ቴምብር ነው። እንዲያውም የእነሱ ጽሕፈት መጥበቁን በትንሽ ምልክት ያሳያል፤ የእኛ አያሳይም።

ጸሐፊው እውነት ያላቸው እዚህ ጋ ነው፦ አማርኛ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ሦስቱን ልናገር።

የመጀመሪያው የአናባቢ ርዝመት ነው። በእኛ ቋንቋ አናባቢ መርዘሙ ትርጉም አይለውጥም። በጃፓንኛ ኦባሳን አክስት ናት፤ "ባ" ሲረዝም አያት ትሆናለች። ጆሯችን ይህን ዘሎት ያልፋል፤ ሆን ብሎ ማሠልጠን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ግሱ ነው። ታቤታ ማለት በላሁ ነው፣ በላህ ነው፣ በላች ነው፣ በሉም ነው። እኛ "እኔ" እና "እሷ" የሚለውን የምንተወው ግሱ ስለሚናገርልን ነው። እነሱ ግን ግሱ ሳይናገርም ይተዉታል። ረጅም አንቀጽ ላይ ማን ምን እንዳደረገ የሚጠፋብን ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ኩሬታና አጌታ የሚባሉት የመስጠት ግሶች ያድኗችኋል። ካሺቴ ኩሬታ ካለ ለእኔ ወይም ለእኔ ወገን ነው ያዋሰው። ካሺቴ አጌታ ካለ አቅጣጫው ከእኔ ወደ ሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛው አንቱታ ነው። እኛ ስለ አባታችን ለማንም ስናወራ "አባቴ መጥተዋል" ማለት እንችላለን። በጃፓንኛ ለውጭ ሰው ስለ ራስ አባት ሲወራ ቺቺ ይባላል፤ የክብር ግስም አይጨመርም። የራስን ወገን ዝቅ አድርጎ መናገር ነው ጨዋነቱ። ለዚህ ብቻ የተለየ የግስ ዓይነት አላቸው፤ እኛ የለንም።

ቃል በቃል እየተረጎሙ መኖርም ፍጥነት ይገድላል፤ በዚህም እስማማለሁ። ውሎ አድሮ ትርጉሙ በራሱ ይወድቃል። የሚወድቀው ግን ሥራውን ጨርሶ ነው።

ካንጂን አስቀድሞ ስለመጨረስ

2,136 የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሻሻለው የመደበኛ ካንጂ ዝርዝር ነው። ጸሐፊው እነዚህን በካርድ አንድ በአንድ ትርጉማቸውን በቃል ይዞ ከዚያ በኋላ ማንበብ መጀመርን ይመክራሉ።

ጃፓናውያን ልጆች ራሳቸው እንዲህ አይማሩም። በስድስቱ የአንደኛ ደረጃ ዓመታት 1,026 ካንጂ ይማራሉ። በመጀመሪያው ዓመት 80 ብቻ ነው። ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያነባሉ። ያልተማሩት ካንጂ በሂራጋና ይጻፍላቸዋል፤ ወይም ከካንጂው አጠገብ ፉሪጋና የሚባል ትንሽ ንባብ ይቀመጥላቸዋል።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ካንጂ ሁልጊዜ ብቻውን ቃል አይሆንም። እሑድ ኒቺዮቢ ይባላል። በሦስት ካንጂ ይጻፋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ዓይነት ናቸው። ፀሐይ ወይም ቀን ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሲሆን ኒቺ ተብሎ ይነበባል፣ መጨረሻ ላይ ሲሆን ቢ ተብሎ። በአንድ ቃል ውስጥ! "ይህ ካንጂ ቀን ማለት ነው" ብሎ በካርድ የያዘ ሰው ቃሉን ማንበብ አይችልም፣ ሲነገርም አያውቀውም። ቃሉን የያዘ ሰው ግን ሁለቱንም ንባብ በነጻ አገኘ።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ወደ ስድስት መቶ የሚጠጋ ካንጂ በትርጉም ብቻ ይዤ ነበር። የመጀመሪያዬን ቀላል ታሪክ ስከፍት የእያንዳንዱ ምልክት ሐሳብ ይታየኛል፤ አንድም ቃል በድምፅ አይመጣልኝም። ጮክ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም። መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግም ከበደኝ፤ ለመፈለግ ንባቡ ያስፈልጋላ። ካንጂውን በቃላት ውስጥ እየተማርኩ እንደገና ጀመርኩ።

ከጸሐፊው ሐሳብ የምወስደው አለ። ካንጂን ወደ ክፍሎቹ መበተን ይጠቅማል ማለታቸው ትክክል ነው። ሰማያዊ የሚለው ካንጂ ከቻይንኛ በመጣው ንባቡ ሴይ ይባላል። የውሃ ምልክት ሲታከልበት ንጹሕ፣ የፀሐይ ምልክት ሲታከልበት የጠራ ሰማይ፣ የንግግር ምልክት ሲታከልበት መጠየቅ ይሆናል። ሦስቱም ሴይ ተብለው ይነበባሉ። አንዱ ወገን ትርጉም፣ ሌላው ወገን ድምፅ ይጠቁማል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን ብዙ ድካም ይቆጥባል። ካርዱንም ቢሆን አልቃወምም። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ስሙ ራሱ ጃፓንኛ ነው፤ በቃል መያዝ ማለት ነው። እየተራራቀ በሚሄድ ጊዜ መከለስ መርሳትን እንደሚያዘገይ ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሳተመው ጥናት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እኔ የምለው ካርዱ ላይ ቃል ይጻፍበት፣ ከተቻለም ካነበባችሁት ገጽ የመጣ ዓረፍተ ነገር።

ሰዋስውን ትቶ ፊልም ስለማየት

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ብዙ መስማትና ብዙ ማንበብ የሌለበት ጥናት የትም አያደርስም። መጽሐፍ ብቻ ይዞ መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ሰው አላየሁም።

ግን "ብቻውን ይበቃል" የሚለው ሁለት ነገር ይዘላል።

የመጀመሪያው የመረዳት መጠን ነው። ፖል ኔሽን የተባሉት የኒውዚላንድ የቃላት ጥናት ምሁር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንድን ታሪክ ያለ እርዳታ አንብቦ በደንብ ለመረዳት ከመቶ ቃላት 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ገምተዋል። የጀማሪ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ለጃፓናውያን በተሠራ ድራማ ውስጥ ከዚህ በጣም በታች ነው ያለው። ከማይገባ ነገር የሚወሰደው ትንሽ ነው። ሰብታይትል ሲጨመርበት ደግሞ ዓይን ትርጉሙን ያነባል፣ ጆሮ ያርፋል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በየማታው ሳይ ቆይቼ የተለወጠልኝ የዜማው ስሜት ነው እንጂ መረዳቴ አልነበረም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ፊልም የሚባለውን ያሰማችኋል፤ የማይባለውን አያሳያችሁም። ጃፓንኛ "ከሆነ" እና "ቢሆን" ለማለት አራት መንገድ አለው፦ ቶ፣ ባ፣ ታራ፣ ናራ። ጸደይ ሲመጣ አበባ ያብባል ለማለት ቶ ይሆናል፤ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነውና። ጣቢያ ስትደርሺ ደውዪልኝ ለማለት ግን ቶ አይሆንም። ታራ ነው የሚባለው። ቶ ትእዛዝና ልመና አያስከትልም። ይህን ከፊልም እንዴት ትማሩታላችሁ? የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ማንም ስለማይናገረው አትሰሙትም። አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ግን በሦስት መስመር ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ውስጥ ስትሰሙት "ለካ ይኼ ነው!" ትላላችሁ። ሰዋስው የሚጠቅመው እንዲህ ነው። ጆሮ ምን ፈልጎ እንደሚሰማ ይነግረዋል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የካርቱን ጀግኖች እርስ በርሳቸው ኦማኤ እየተባባሉ ያወራሉ። የማያውቁትን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት ስድብ ይሆናል። ይህን ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ማለፋቸው አሳስቦኛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለት ደቂቃ የሚሆን ድምፅ፣ ጽሑፉ አብሮት ያለ፣ ምረጡ። መጀመሪያ ሳታዩ ስሙት። ከዚያ እያነበባችሁ ስሙት። ያልገባችሁን ፈልጉ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ደጋግሙት። በአራተኛው ቀን ገደማ የማይያዝ የመሰላችሁ ንግግር ቀስ ያለ ይመስላችኋል። ተናጋሪው እኮ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ከጀማሪ ወደ መካከለኛ ሲኬድ የሚጎድለን አዲስ እውቀት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እንዲህ ነው። የምናውቀው ነገር ቶሎ አይመጣልንም። ጀማሪ ዓረፍተ ነገሩን ፈትቶ ሲጨርስ ተናጋሪው ሦስተኛው ላይ ደርሷል።

ለንባብ ደግሞ ታዶኩ የሚባል ልማድ አለ። ብዙ ማንበብ ማለት ነው። ከምትችሉት በታች በሆነ ቀላል ነገር ጀምሩ፤ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፤ ያልገባችሁን ዝለሉ፤ ካልተመቻችሁ ሌላ አንሡ ይላል። ለተማሪ ተብለው በየደረጃው የተዘጋጁ አጫጭር ታሪኮች አሉ፤ በነጻ የሚገኙም ብዙ ናቸው። የልጅ ታሪክ ነው ብላችሁ አትናቁት። ፍጥነት የሚገኘው እዚያ ነው።

እስከ መካከለኛ ደረጃ ዝም ስለማለት

ስህተት ይደርቃል የሚለው ስጋት መሠረት አለው። ማንም ሳያርመው ለዓመታት የተደጋገመ ስህተት ለማስለቀቅ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፍን ሳያስቸኩሉ ጆሮን ማስቀደምም ጥሩ ነው።

ዝምታም ግን የራሱ ዋጋ አለው። ሜሪል ስዌይን የተባሉ ካናዳዊት ምሁር ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚከታተሉ፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ልጆቹ ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሲሰሙ ኖረዋል። መረዳታቸው በጣም ጥሩ ነበር። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን የሰዋስው ስህተታቸው አልጠፋም። ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው፦ ሰው ራሱ ሲናገርና ሲጽፍ የጎደለውን ያስተውላል። ሲሰማ ጉድለቱ አይታየውም፤ ትርጉሙ ከዙሪያው ስለሚገባው ያልፈዋል።

በእኔ የደረሰውም ይኸው ነው። አኩ "ተከፈተ" ነው፤ አኬሩ "ከፈተ" ነው። ሲጻፍ ሳይ ሁልጊዜ ይገባኝ ነበር። በአማርኛም "ተ" አለ የለም እንደማለት ነው። አንድ ቀን ማስታወሻ ስጽፍ "በሩ ተከፈተ" ለማለት ዶአ ጋ አኬታ ብዬ ጻፍኩ። ማለት የነበረብኝ ዶአ ጋ አይታ ነበር። የኔው በሩን ሌላ ነገር ከፋች ያደርገዋል። ስንት ጊዜ አንብቤው እጄ አያውቀውም ነበር። ካልጻፍኩት መቼ አውቀው ነበር?

አራሚ የለኝም የሚል ሰው መንገድ አለው። አንድ አጭር አንቀጽ አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉና በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት። ከዚያ ክፈቱና አስተያዩት። ልዩነቱ ሁሉ ትምህርት ነው። ለአፍ ደግሞ ድምፁን እየሰሙ ከኋላው እየተከተሉ መድገም አለ። የሰው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ የምትደግሙት፣ የራሳችሁን ስህተት አታደርቁም። የጸሐፊውን ስጋት ይህ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኤን 3 እና ስለ ስድስት ወሩ

የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀመር አራት ደረጃ ነበረው። በ2010 አምስት ሆነ። ኤን 3 ያኔ የተጨመረው በታችኞቹና በላይኞቹ ደረጃዎች መካከል የነበረው ክፍተት ሰፊ ስለነበር ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ግምት ከመሬት የተነሣ አይደለም። የተቆረጠ ቀን መኖሩም ብዙ ሰው ያተጋል።

ነገር ግን ፈተናው መናገርም ድርሰት መጻፍም የለበትም። ሁሉም ምርጫ ነው። ኤን 3ን ለማለፍ ከ180 ነጥብ 95 ይበቃል፣ በሦስቱም ክፍሎች ከ60 ቢያንስ 19 እስከተገኘ ድረስ። በንባብ ጎበዝ ሆኖ በማዳመጥ 19 ነጥብ ያገኘ ሰው ያልፋል። ይህ ሰው ስልክ ቢደወልለት ይቸገራል። በተቃራኒው ደግሞ ሳይፈተን የሚያወራና የሚያነብ ሰው አለ። ወረቀቱ አንድን ክፍል ይለካል፤ እንደዚያው ተደርጎ ይታይ።

ስድስት ወሩ ላይ ግን ለደብተሯ ባለቤት በቀጥታ ልመልስ። ጀማሪ በየሳምንቱ መለወጡ ይታየዋል። ትናንት የማያነበውን ፊደል ዛሬ ያነባል። አንድ ሺህ ቃል ላይ ሌላ መቶ መጨመር ግን በዓይን አይታይም። መቶ ቃል የነበረው ሰው መቶ ሲጨምር እጥፍ ሆነ፤ አንድ ሺህ የነበረው ሲጨምር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ሥራው ያው ነው፤ ስሜቱ ግን የቆምሽ ያህል ነው። ስለዚህ በስሜትሽ አትለኪው። አንድ ገጽ ምረጪ። ያላወቅሽውን ቃል ሁሉ አስምሪበት፣ ቁጥሩንና ቀኑን ጥግ ላይ ጻፊ። ገጹን አጣጥፈሽ አስቀምጪውና ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ንጹሕ ቅጂ ላይ ድገሚው። በመሃል ያንን ገጽ አትንኪው።

እኔ ይህን ያደረግኩት ጭራሽ አልተለወጥኩም ብዬ ባዘንኩበት ወቅት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ 41 ተጽፏል። የሁለተኛው ላይ 17።